የአራት ሰዓት ፀሐይ

አየር ጤና፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ባለው ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ተካ ኮምፒውተሩን አላስነኩኝም። መቀስ ሰጥተው ጉርድ ፎቶ አስቆረጡኝ። ስንወጣ አውራ ጣቴ ውኃ ቋጥሮ ነበር። "ዓይንሽ ቀጥ ያለ መስመር ሲለምድ ማውስ ትይዣለሽ" አሉኝ።

ማውሱን የያዝኩት በስምንተኛው ወር ነው። መጀመሪያ ብጉር አጠፋሁ፤ ከዚያ የፎቶ ጀርባ ቀየርኩ። ኤዲተር ተብዬ የራሴን ወንበር ሳገኝ ጨረር መሥራት ተማርኩ። በእኛ ቤት "ፀሐይ ማውጣት" ነው የምንለው። የፎቶውን ብሩህ ቦታዎች ብቻ መርጬ ከፎቶው በላይ እንደ ስስ ወረቀት በሚነጠፍ አዲስ ሌየር ላይ እገለብጣለሁ። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ወደ ውጭ እየጎተተ የሚያደበዝዘውን ብለር አደርግበታለሁ፤ ነጥቡ ያለበት ቦታ ፀሐይዋ ናት። ቀለም እጨምርና ፊት ላይ ያረፈውን ጨረር በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋለሁ። መጀመሪያ የተሳካልኝ ቀን ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ተመራቂ መጣ፣ ፀሐይ። ክርስትና መጣ፣ ፀሐይ። ጋሽ ተካ "ኧረ ለነገም አስተርፊ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ማርታ የምትባል የሰፈር ልጅ የሠርግ ፎቶ ሠራሁ። አባቷ አቶ ወልዴ እዚያው ሰፈር ጎሚስታ ቤት አላቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ማርታ ከቤት ስትወጣ ግቢው በር ላይ የተነሳችው ፎቶ ፍሬም የሚገባው፣ ትልቁ ነበር። ቀኑ ደመና ስለነበር አመድ መስሏል። ከጀርባዋ ዝቅ አድርጌ ብርቱካንማ ፀሐይ አወጣሁላት። እውነቴን ነው፣ በጣም አምሮ ነበር።

ረቡዕ ዕለት አቶ ወልዴ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ።

"ልጄ ከቤት የወጣችው ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ።

"እኔ እንጃ፣ አልነበርኩም።"

"አራት ሰዓት! አማቾቼ በቀጠሯቸው፣ አንድ ደቂቃ ሳያሳልፉ መጥተው ወሰዷት። ይሄ ግን የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ነው። በዚያ በኩል ፀሐይ ስትጠልቅ እንጂ ስትወጣ ያየ የለም። ዘመድ ሁሉ 'ሙሽራው ቀኑን ሙሉ አስጠበቃችሁ እንዴ?' ይለኛል። የሙሽራው እናት ሰምተው ተቀይመዋል። እሑድ ቤታቸው ሊሰቀል የታሰበው ደግሞ ይሄው ነው!"

"አጠፋዋለሁ" አልኩ።

"አጥፊ አላልኩም። ፀሐይ ትኑር፤ ግን የአራት ሰዓት ትሁን።"

ጋሽ ተካ ቀና ብለው አዩኝ። "እስከ እሑድ ካላስተካከልሽ ወደ መቀስሽ ትመለሻለሽ" አሉ። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

በአራት ሰዓት እዚያ በር ላይ ብርሃን በየት በኩል እንደሚያርፍ አላውቅም። ሐሙስ ረፋድ ሄድኩ። አቶ ወልዴ የሠርጉን ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው በሩ ላይ ቆመዋል። "ሰው ሳይቆም ጥላ እንዴት ታያለሽ?" አሉኝ። ሰማዩ ግን ደመና ነበር። ዓርብም ደመና። አላፊ ጎረቤት "አቶ ወልዴ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ሊያገቡ ነው?" ሲላቸው፣ "ሚዜ አጥቼ ነው የቆምኩት" ይላሉ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች። በስተቀኝ፣ ከፍ ብላ፣ ነጣ ያለች ነበረች። ጥላቸው ወደ ግራ ሲወድቅ በስልኬ አነሳሁት።

"ማርታ የቆመችው እዚህ ነው" አሉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። "እኔ ደግሞ እዚህ።"

"እርስዎ ፎቶው ላይ አሉ እንዴ?"

"ነበርኩ" አሉ።

ሮጬ ፎቶ ቤት ገባሁና ዋናውን ፋይል ከፈትኩት። ከማርታ ትከሻ ኋላ አቶ ወልዴ ቆመው በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ስሠራው ሙሽራዋን ብቻ ነበር ያየሁት። ፀሐይዋን ያስቀመጥኳት ልክ እሳቸው ላይ ነው። ያን ሁሉ ቀን ስለ ሰዓቱ ሲያወሩ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ።

የድሮውን ሌየር አጠፋሁ። ነጥቡን ከፎቶው ውጭ በስተቀኝ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩ፣ ቀለሙን አነጣሁ፣ ጨረሩን አሳሳሁ። ጥላውን ከስልኬ እያየሁ ሠራሁ። የአቶ ወልዴን ፊት በትንሹ ብሩሽ አንድ ሰዓት ያህል ጠረግሁ። ጋሽ ተካ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና "ይታተም" አሉ።

ሰኞ ማርታ ራሷ መጣች። እየሳቀች "አማቴ እንግዳ በገባ ቁጥር 'አራት ሰዓት ነው፣ ጥላውን እዩት' ይላሉ" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ዝግ አለ።

"አባዬ ማልቀሱን አላውቅም ነበር። ከኋላዬ ነበራ! ትናንት ፎቶው ፊት ቆመን አቅፌው አለቀስን።"

ለራሷ ቤት ሌላ እንዳትምላት ጠየቀችኝ። ያን ቀን ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ዛሬ ዋና ኤዲተር ነኝ፤ ለአዳዲሶቹ ፀሐይ ማውጣት የማስተምረው እኔ ነኝ። ጨረር ከመሥራቴ በፊት ሰዓቱን እጠይቃለሁ። ፀሐይዋን ከማስቀመጤ በፊት ደግሞ እዚያ ቦታ ማን እንደቆመ አያለሁ።