ለእሷ የደረሰው የክትባት ፍሪጅ

ፍሪጁ ለእሷ ደረሰ። አይሱዙ ላይ በገመድ ታስሮ የሸዋ ሮቢትን ዋና መንገድ ሲያልፍ ቆሜ አየሁት። ሞተር ሳይክልም አብሮ ተጭኗል። ለእኔስ? አንድ ካርቶን ጓንትና የቅጽ ጥራዝ። ወላሂ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሁለታችንም በቀወት ቆላ የእንስሳት ጤና ረዳቶች ነበርን። አንድ ክፍል ተምረን በአንድ ቀን ተመደብን፤ እሷ አስፋልት ዳር ባለው ቀበሌ፣ እኔ ከአስፋልቱ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው። ተማሪ ሳለን መርፌ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደም ሥር እንዴት እንደሚፈለግ ያሳየኋት እኔ ነኝ! ፍሪጁ ወደ እሷ የሄደበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ መብራት ያለው እሷ ቀበሌ ነው። እኔ ግን ላገኘሁት ሰው ሁሉ "ወረዳው ላይ ዘመድ አላት" እያልኩ አወራ ነበር።

የወረዳው ኃላፊ በርክክቡ ቀን የተናገሩትን እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ። መንግሥት ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣው በሽታ በተነሳበት ቀበሌ እንዲቀር፣ ወደ ካራቆሬና አጣዬ ገበያ እንዳይሻገር፣ ከከብት ወደ ሰው እንዳይዞር ነው አሉ። የታመመ ከብት ያለው ሰው ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት ለእኛ ይነግራል፤ እኛም በዚያው ቀን እናሳውቃለን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ የማየው እሷን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ገበሬው ሁሉ ወደ እሷ ጎረፈ። በፊት "ዶክተር" የምባለው እኔ ነበርኩ፤ በእኛ አገር ለከብት መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። አሁን ፍየላቸውን እየጎተቱ በደጄ ያልፋሉ። "ወዴት ነው?" ስላቸው፣ "ዶክተሯ ጋ!" ይሉኛል። ግማሾቹ እኮ የሚሄዱት ቀዝቃዛ ውሃ ለመጠጣት ነው! በዚያ ሐሩር ከክትባቱ ጎን የውሃ ጠርሙስ ትደረድራለች ሲባል ሰምቼ፣ ለወረዳው ልከሳት ወረቀት ሁሉ አውጥቼ ነበር። አስተግፊሩላህ፣ እስከዚያ ድረስ ደርሼ ነበር።

አንድ ጠዋት ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደጄ ላይ ቆሙ። ያላቸው አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ነው።

"ዶክተር፣ አንዱ በሬዬ ከትናንት ጀምሮ አልበላ አለኝ። ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ደግሞ ካፍንጫው ደም አየሁ።"

አባ ሰንጋ። ሳይጨርሱ ገባኝ። ሰውንም እንደሚገድል አውቃለሁ። "እንዳይነኩት፣ እንዳያርዱት" ብዬ አብሬያቸው መነሳት ነበረብኝ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። እኔ ግን ከምሞላው ቅጽ ቀና እንኳ ሳልል፣ "ፍሪጁ ያለው እሷ ጋ ነው፤ እዚያ ይሂዱ" አልኳቸው።

"እኔ የማውቀው አንተን ነው።"

"እኔ ምን አለኝ አባባ? ባዶ እጄን ነኝ።"

ሄዱ። እንግዲህ በፍሪጇ ታድነው! አልኩ በሆዴ።

ሽማግሌው ግን እሷ ጋ አልሄዱም። ደርሰው እስኪመለሱ በሬው ሳይባረክ ይሞታል፤ ሳይታረድ የሞተ ደግሞ ሐራም ነው። ስለዚህ ቤታቸው ተመለሱና "ቢስሚላህ" ብለው አረዱት። በእኛ ዘንድ በሬው ሊሞትበት የደረሰን ሰው ጎረቤት ብቻውን አይተወውም። ሥጋውን ይካፈሉለታል፤ ማሽላው ሲደርስ ከየቤቱ እህል ተዋጥቶ ሌላ በሬ ይገዛበታል። ድርሻዬን አልወስድም ማለት ነውር ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤቴ ሥጋ በሳፋ ይዛ በደጄ ስታልፍ፣ "ዶክተር፣ ያንተም መደብ ተቀምጦልሃል" አለችኝ።

ክው አልኩ። ሞባይል ገና ብርቅ ነበር፤ አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ። አባ ሰንጋ የያዘው በሬ መታረዱን ስነግራት ሞተሩን አስነስታ "ውጣ!" አለችኝ። መንደሩ ስንደርስ በቀጥታ መስጊዱ በር ላይ ቆማ ኢማሙን አስጠራች። እሷ ክርስቲያን ናት፤ ሙስሊሙ እኔ ነኝ፤ ኢማሙ ትዝ ያሉት ግን እሷን ነው። በዚያ ሰዓት እንኳ ቀናሁባት! ኢማሙ ቤት ለቤት እየዞሩ "ነፍስ የሚያጠፋ ሥጋ አላህ አልፈቀደላችሁም" ሲሉ፣ የተጣደው ድስት ሁሉ ወጣ። ሥጋው ጉድጓድ ውስጥ ተቃጥሎ፣ ኖራ ተነስንሶበት ተቀበረ።

በማግስቱ ከፍሪጁ ክትባት አምጥታ የመንደሩን ከብት ስትከትብ እኔ ቀንድ ያዥ ሆንኩ። ሌላ በሬ አልሞተም። ሰውም አልሞተም። ኃላፊው ይሆናል ያሉት ሁሉ ሆነ፤ በእሷ እጅ።

የሽማግሌው ቀኝ እጅ ግን ቆሰለ፤ የቁስሉ መሃል ከሰል መሰለ። ሸዋ ሮቢት ታክመው ዳኑ፤ ጣቶቻቸው ግን አልዘረጋ አሉ። እርፍ የሚጨብጡበት እጅ ነው።

ሪፖርቱ ሲመጣ ስሜን በክስ እጠብቅ ነበር። እሷ ግን "መጀመሪያ የጠቆመው" ብላ ጽፋኛለች። ነገሩ አላስተኛኝ ሲል ሽማግሌው ቤት ሄድኩ።

"አባባ፣ ለዶክተሯ ምን አሏት?"

"ቤቱ ሄጄ አጣሁት አልኳት።"

"ለምን?"

"አንተን ካነሱ ሌላ ሰው አይልኩልንም" አሉ። "እሷ ፍሪጅ አላት። እኛ ያለን አንተ ነህ።"

ልሄድ ስነሳ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ግራውን።

"በግራዬ ስለሆነ አፉ በለኝ ልጄ" አሉኝ።