በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳው

ደባርቅ ገበያ ባለሱቁ የነቀዝ መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ሲቀዳ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ልቤ ዳባት፣ አባቴ ቤት ገባ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን፣ ገና አፉን በወጉ ያልፈታው ታናሽ ወንድሜ፣ አባቴ አልጋ ሥር ያስቀመጠውን እንዲህ ያለ ጠርሙስ ለስላሳ መስሎት ተጎነጨ። አረፋ ደፍቆ መሬት ላይ ይንፈራገጥ ጀመር። እናቴ አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ፣ የአባቴ አባት መጥረቢያ አነሡ። የዘይቱን፣ የማሩን፣ የጋዙን ጠርሙስ አንድ በአንድ ከሰከሱት። ስብርባሪው የአባቴን ቅልጥም ቆርጦ ደሙ ሲወርድ እሱ ንቅንቅ አላለም። ወደ መጨረሻው ጠርሙስ ሲዞሩ ግን ለመናቸው።

«አባባ፣ እሱን እንኳ ይተዉት፤ ጠበል ነው።»

«ሕፃን በምን ይለየዋል? ሞቱን በመጠጫ ዕቃ ቀድተህ አስቀመጥህለት!»

ጠበሉንም ሰበሩት። ከዚያ መጥረቢያውን ጥለው አባቴን በጥፊ አጮሉት።

ወንድሜ ሰንብቶ ድኖ ተመለሰ። አያቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ እኛ ቤት ውኃ አልቀመሱም።

ዛሬ እኔ ቤት መርዝ የሚባል ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ተቆልፎበታል። ሆኖም ልጄ ጠርሙስ ወደ አፉ ሲያስጠጋ እጄ ሳላዝዘው ተወርውሮ ይመታዋል። ለምን እንደመታሁት እያለቀሰ ይጠይቀኛል። እኔም ውኃውን አሽትቼ ጠርሙሱን እመልስለታለሁ።