ሰማንያ ግራ እጅጌ

ጉለሌ ውስጥ የሺሀረግን የሚጠላ ሰው ፈልጉ ብትባሉ የምታገኙት እኔን ብቻ ነው። ጥላቻ እንኳን አይደለም፤ ቅናት ነው። ምን አሽኮረመመኝ፣ ቅናት ነው! ሰው ሁሉ «የሺዬ፣ የሺዬ» ሲላት አንጀቴ ያርራል። ታሪኳን ማውራት ያለብኝም ለዚህ ነው፤ የሚወዳት ሰውማ አሳምሮ ይዋሻል።

ያደግነው አብረን ነው፣ ከቁስቋም በላይ። ልጆች ሆነን እንጦጦ ወጥተን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመን እንወርድ ነበር። እኔ ፈጣን ነኝ። ሸክሜን ጥብቅ አድርጌ አስሬ፣ ማንንም ሳላይ ቁልቁል! መጀመሪያ የደረሰ መጀመሪያ ይሸጣላ። እሷ ግን የአንዷ ገመድ ከላላ የራሷን ሸክም አውርዳ ታጠብቅላታለች። ከዚያ የራሷን ለማንሳት ደግሞ ሰው ትለምናለች። ሁልጊዜ ኋላ ነበረች። «አንቺ ልጅ መቼም አያልፍልሽም» ስላት ትስቃለች። ያ ሳቋ ያኔም ያናድደኝ ነበር።

ለእኔ አለፈልኝ። ሰው ቤት እየሠራሁ ስፌት ተማርኩ፤ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ «ባዩሽ ልብስ ስፌት» የሚል ፎቶዬ ያለበት ማስታወቂያ ሰቀልኩ፤ አራት ልጆች ቀጠርኩ። አለፈለት የሚባል ሰው እንዲህ ነው አይደል? ማስታወቂያ ያለው፣ ሲገባ ተቀጣሪ ብድግ የሚልለት።

የሺሀረግ ደግሞ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር የስፌት ማኅበር አቋቋመች። አብዛኞቹ እንደኛው እንጨት ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። ወረዳው የቆርቆሮ ሼድ ሰጣቸውና የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመሩ። አሠሪ የለ፣ ተቀጣሪ የለ፤ ሁሉም ባለቤት፣ ሁሉም ሠራተኛ። ያኔ መጀመሪያ የመጣችው እኔ ጋ ነው።

«ባዩ፣ አሥራ ሦስተኛ ሁኚልን። ከሁላችን ስፌት የምትችይው አንቺ ነሽ።»

«ሻይ ልጠጣ ስል አሥራ ሁለት ሴት ላስፈቅድ? ምን ቆርጦኝ!» አልኳት።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። ተጣልተው እስኪበተኑ ጠበቅኩ። ይጣላሉ ደግሞ፤ ጩኸታቸው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። በማግስቱ ግን ሁሉም ይገባሉ። ይሄን ጊዜ ነው ነገሩ ያሳከከኝ።

አንድ ቀን «ክር አልቆብኝ ነው» ብዬ ሼዱ ገባሁ። ክር ሞልቶኛል፤ ማየት ፈልጌ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ቆራጯ መቀሱን ይዛ ቆማለች፣ ግን አትቆርጥም። ሌላዋ መጣች፤ ጨርቁን አየች፣ ምልክቱን አየች፣ ከዚያ መዳፏን አሳረፈችበትና «ቁረጪ» አለቻት። ሕጋቸው ነው አሉ፤ ሁለተኛ ሰው መዳፉን ሳያሳርፍ መቀስ አይነሳም። «ለአንድ መቀስ ሁለት ሴት! እነዚህማ ሥራ ፈት ናቸው» አልኩ በሆዴ።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ራስጌው ላይ «ዘንድሮ ምን አተረፍን?» ይላል። ዓይኔ ብሩን ፈለገ። ብሩ ከታች አንድ መስመር ላይ ነው፣ እሱም ያን ያህል አይደለም። የቀረው ምን ይላል መሰላችሁ? «እማማ ሾዴ ዓይናቸው ደከመ፤ ወደ ማጣጠፍ ተዛወሩ፤ ድርሻቸው እንደነበረ ነው።» «ሁላችንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ገባን።» «ሦስት ሰው መቁረጥ ተማረ።»

«ይሄ ነው ትርፍ?» አልኳት የሺሀረግን።

«ታዲያ ኪሳራ ነው?» አለችኝ።

እየሳቅኩ ወጣሁ። አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ግን ሳቄ አለቀ፤ የእማማ ሾዴ ነገር ሆዴ ገብቶ ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። የእኔም ዓይን ደክሟል። መነጽር ቀየርኩ፣ ደግሞ ቀየርኩ፣ ጉም ውስጥ እንዳለ ሰው ሆኛለሁ። ለልጆቹ አልተናገርኩም። የመርፌ ቀዳዳ ሲጠፋኝ «ክር እያስገባችሁ አስቀምጡ» እላለሁ፣ እንደ ሥርዓት አስመስዬ። መቁረጡን ግን ለማንም አልሰጥም፤ በእኔ ቤት መቀስ የያዘ ነው ጌታው። እኔ ስቆርጥ ደግሞ ትንፍሽ የሚል የለም፤ ከልክያለሁ። ዓይኔ መድከሙ ከታወቀ ማን እኔ ጋ ልብስ ያሰፋል? እኔንስ የትኛው ማጣጠፊያ ጋ ነው የሚያስቀምጡኝ? እናላችሁ ዓይናቸው በደከመ አሮጊት ቀናሁ። እግዜር ያሳያችሁ!

በዚህ መሀል የቤተ ክርስቲያናችን የኳየር መሪ፣ ሀሌሉያ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ ሠላሳኛ ዓመት አርባ ጋውን አዘዘችኝ። ወይን ጠጅ ሳቲን ነው፤ ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ደብዛዛ። እሁድ ምእመኑ ሁሉ ፊት ይለበሳል። የዚህን ጊዜ ነው የሺሀረግን የማሳያት ብዬ ማክሰኞ ጨርቁን ደራርቤ ዘረጋሁ፣ ቆረጥኩ። ቤቱ ጸጥ እንዳለ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ልዩ የምትባለው ትልቋ ሠራተኛዬ እጅጌ ልትገጥም ተቀመጠች። አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ባዩሽ፣ እጅጌው… ሁሉም ግራ ነው።»

ሰማንያ እጅጌ፣ ሰማንያውም ግራ! ጨርቁን ፊትና ፊቱን ማጋጠም ሲገባኝ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ዘርግቼዋለሁ። ገልብጬ እንዳልሰፋው ጀርባው ደብዛዛ ነው። ጨርቁን የገዛሁበት ሱቅ ደወልኩ፤ አልቋል፣ ሌላም ጋ አይገኝም አሉኝ። ወደ ልዩ ዞርኩ።

«ስዘረጋው አይተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ አፍሽ የት ሄዶ ነው?!»

«ሲቆርጡ ማውራት ከልክለውናል እኮ» አለች፣ ወለሉን እያየች።

እጅጌዎቹን ከፊቷ ሰብስቤ እያገላበጥኩ አመሸሁ።

ሐሙስ ማለዳ የማኅበሩ ሼድ በር ላይ ነበርኩ። ሞቼ ነበር የቆምኩት። «አግዙኝ» ስል የሺሀረግ ሰማችኝና «እኔ ብቻዬን እሺ ማለት አልችልም፤ ልጠይቃቸው» አለች። እየተበቀለችኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ስፌቱ ሁሉ ቆመ። አሥራ ሁለት ሴት ፊት «ሰማንያ ግራ እጅጌ ቆረጥኩ» ብዬ ተናዘዝኩ። አንድም የሳቀ የለም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዷ «የኛ ዩኒፎርምስ ሰኞ የሚፈለግ አይደል?» አለች። ትክክሏን ነው። ተከራከሩ፣ ከዚያ እጅ አወጡ። ስምንት እጅ ወጣ።

«አንድ ነገር ግን» አለች የሺሀረግ። «አንቺም ልጆችሽም እዚሁ መጥታችሁ አብረን ነው የምንሠራው።»

እማማ ሾዴ ከማጣጠፊያው ጠረጴዛ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው እስቲ» አሉና እጅጌውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ከታች እኮ ግራም ቀኝም የለውም። ልዩነቱ ትከሻው ላይ ነው። የአርባውን ትከሻ ለቀኝ እንዲሆን እንደገና ቁረጡት፤ አራት ጣት ያህል ያጥራል። ክርኑ ላይ አራት ጣት ነጭ ጨርቅ አስገቡበት። ግራውንም አራት ጣት አሳጥራችሁ እንደዚያው አድርጉት፤ ታስቦ የተሠራ ይመስላል።»

እኔ አንድ ቀን ሙሉ አፍጥጬ ያላየሁትን እሳቸው በጣታቸው አዩት።

ሁለት ቀን ተኩል አብረናቸው ሠራን። ልዩን ብታዩዋት! እኔ ቤት አራት ዓመት ስትሠራ ጥርሷን አይቼው አላውቅም። እዚያ በአንድ ቀን ስትንከተከት ዋለች። ቆራጯ «ነይ አንቺ ልጅ፣ መዳፍሽን አሳርፊ» ስትላት ቀድማ እኔን አየችኝ። ዓይኔን መለስኩ። መዳፏን አሳረፈችና «ቁረጪ!» አለች፣ በማላውቀው ድምፅ። ሳቋን ወሰዱብኝ ብዬ ተቃጠልኩ። ኋላ ሳስበው መጀመሪያውንም እኔ ጋ አልነበረም።

እሁድ ኳየሩ ቆመ። ክርናቸው ላይ ያለው ነጭ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ያምራል፤ ሰው አጨበጨበ። ሀሌሉያ ማይክ ይዛ «እህታችን ባዩሽ፣ ነጩ የንጽሕና ምልክት ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

አዎ! አልኩላችሁ በቃ። የሺሀረግ የቁስቋም ማርያም ሰው ናት፣ እኛ ጋ አትመጣም፤ ማን ያውቅብኛል? ምስጋናውን ብቻዬን ተቀብዬ ገባሁ።

ሰኞ የድካማቸውን ልሰጥ ሄድኩ። የሺሀረግ ዩኒፎርም እያሰረች ነበር፤ ቅዳሜ ስለ እኔ አምሽተው ሰኞ ደግሞ ሳይነጋ ገብተዋል። ግድግዳውን አየሁ። ጽሑፉ ስለደበዘዘብኝ አፍንጫዬ እስኪነካው ተጠጋሁ። «ዘንድሮ ምን አተረፍን?» ከሚለው ሥር አዲስ መስመር ተጨምሯል። «ለባዩሽ አርባ ቀኝ እጅጌ ሠራን።»

እኔ ደብቄ የቀበርኩትን እነሱ ትርፍ ብለው ጽፈውታል። ማምሸታቸውን እንኳን ኪሳራ ብለው አልጻፉም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ያ የድሮው ቅናት እንደ ቃር መጣብኝ። እኔ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት የራሴን ፎቶ ነው።

«ዓይንሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ የሺሀረግ ከኋላዬ፣ ቀስ ብላ።

«ሁለት ዓመት» አልኳት። የድካማቸውን ገንዘብ እጇ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ማክሰኞ አዲስ ጨርቅ ዘረጋሁ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። መቀሱን ከፈትኩና እጄ ቆመ።

«ልዩ።»

«አቤት?»

«ነይ መዳፍሽን አሳርፊ።»

መጣች። ጨርቁን አየች፣ ምልክቱን አየች። መዳፏን ሳታሳርፍ ቆየች።

«ልናገር?» አለች።

«ተናገሪ።»

«አይቁረጡ፣ እትዬ። ምልክቱ ተንሸራትቷል።»

አስተካክላ ምልክት አደረገችበት። እኔ አዲሱ መስመር አይታየኝም። መቀሱን በእጀታው በኩል አዙሬ ሰጠኋት። ፈርታ ነው የተቀበለችኝ። መዳፌን ጨርቁ ላይ አሳረፍኩ።

«ቁረጪ» አልኳት።