የአባቴ ጥርስ እና የአክስቴ ማር

የማር ሽታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰው ቤት ሄጄ ሻይ በማር ሲቀርብልኝ "ስኳር አለብኝ" ብዬ እመልሰዋለሁ። እውነትም አለብኝ፤ ከአባቴ የወረስኩት እሱን ነው። ባይኖርብኝም ግን አልጠጣውም ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ሶዶ የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል፣ አክስቴም አብራ ትመጣለች።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ገበያው አጠገብ ባለች በረንዳ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሲሰፋ፣ ክሩን በመቀስ ሳይሆን በፊት ጥርሱ ነበር የሚበጥሰው። ሳቁ ሰፊ፣ ጨዋታው የማይጠገብ ሰው ነበር። አንድ ክረምት ላይ ውሃ ጥም ያዘው። ማሰሮ ሙሉ ውሃ አያረካውም፤ ከጠጣ ደግሞ ወደ እንሰቱ ጓሮ መመላለስ ነው። ሰውነቱ ሟሸሸ። ድዱ አብጦ ይደማ ጀመር፣ ትንፋሹም የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር።

ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ከጉኑኖ መጣች። እውነቱን ልናገር፣ ይህቺን ሴት አልወዳትም ነበር፤ ሞታለች ብዬም አላሳምራትም። ገና አረፍ ሳትል ጓሮ ገባች፤ አባቴ የሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ተሰብስቦ አየች።

"አያችሁ? ድግምት ነው። ጉንዳን እንዲሁ ሰው አይከተልም" አለች፣ ዓይኗን እናቴ ላይ ተክላ። እናቴ ከሌላ ቦታ፣ ከበዴሳ የመጣች ናት፤ ለአክስቴ ያ ብቻውን በቂ ጥፋት ነበር።

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫችን፣ ደረሰ። የሰፈሩ ወንዶች በሬ ጥለው እኛ ደጅ ጥሬ ሥጋ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ይበሉ ነበር። አባቴ እንደ ድሮው ጎረሰ። ሲያላምጥ ግን ፊቱ ተለወጠ፣ መዳፉ ላይ ከሥጋው ጋር የፊት ጥርሱን ተፋው። 

"ያበላችው ነገር ነው! ጥርሱን ጨርሳ ነፍሱን ልትወስድ ነው!" አክስቴ ወደ እናቴ እየጠቆመች ጮኸች።

ሁሉም አባቴን አየ። እናቴም አየችው። የሚደማ አፉን በእጁ ይዞ ዝም አለ። በዚያው ቀን እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ወደ በዴሳ ሄደች። እኔን ልትወስደኝ ስትል አክስቴ ከእጇ ነጠቀችኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የአክስቴ ሆነ። "ማኘክ ካቃተው ማር ይላስ" ብላ ጠዋት ማር፣ ማታ ማር፣ በመሃል ስኳር የበዛበት ሻይ። ሲብስበት ትጨምርለት ነበር። ጥርሶቹ እየላሉ ወለቁ። ቃሉ ሲኮላተፍ የሰፈር ልጆች ሳቁበት፤ እሱም መናገር ተወ፣ ለደንበኛ እንኳ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይመልስ ነበር።

አንድ ቀን የስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ኦቶና ሐኪም ቤት አደረሱት። የሐኪሙ ረዳት የሆነው ድሬሰር የወላይታ ሰው ስለነበር፣ አክስቴ የጉንዳኑንና የማሩን ነገር ስትነግረው በቋንቋችን አስረዳን።

"እማማ፣ በደሙ ውስጥ ስኳር በዝቷል። ድዱን ያደከመው፣ ጥርሱን የጣለው እሱ ነው። ጉንዳኑም የመጣው በሽንቱ ያለውን ስኳር ብሎ ነው። ማር እንዳያስነኩት።"

"ለወንድሜ መድኃኒት መስጠቴ ነውር ሆነ?" አለች አክስቴ።

ይቅርታ ከአፏ አልወጣም፤ እስክትሞት አልወጣም። ዛሬ የጥርስ ሐኪሜ "ስኳር ያለበት ሰው ድዱን መጠበቅ አለበት" እያለ ሲመክረኝ በልቤ የምጣላው ከእሷ ጋር ነው።

አባቴ በእግሩ መቆም ሲችል እኔን ይዞ በዴሳ ወረደ። የእናቴ ወንድሞች በር ላይ ቆመው አላሳልፍ አሉን። እናቴ ወጣች፤ ከስታለች። አባቴ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ራሱን ዝቅ አደረገላት፣ ከዚያ እኔ እንድናገርለት በክርኑ ነካ አደረገኝ።

"ልጄ ላንተ ብላ አትናገርም" አለች እናቴ። "ያኔ ሰው ሁሉ ሲያይህ ዝም ያልከው አንተ ነህ። አሁንም ሰው አለ። ተናገር።"

አባቴ ጋቢውን ከአፉ አወረደ። ድድ ብቻ ነበር የቀረው። "እሷ አይደለችም" አለ፤ ግን ቃሉ አልጠራም፣ ትንሹ አጎቴም ሳቀ። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ደገመው።

"በሽታዬ ነው። ሚስቴ ምንም አላበላችኝም። ፈርቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

እናቴ ወንድሞቿን ገፍታ አለፈችና በነጠላዋ ጫፍ ከአገጩ ላይ ምራቁን ጠረገችለት።