ሆን ብለን ያሰጠምናት መርከብ

እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ ባሕር ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ ምፅዋ ወደብ ተቀጥሬ መርከብ በማጽዳትና በመጠገን እሠራ ነበር። ሥራዬን እወድደዋለሁ፣ እችልበታለሁም፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

አንድ ዓመት ለፋሲካ ዕረፍት ወጥቼ አገሬ ገባሁ። የመጣሁት ለበዓሉ ብቻ አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን የያዘች የጎረቤት መንደር ልጅ ነበረችና፣ ሌላ ሳይቀድመኝ ሽማግሌ ላክሁ። እሷ እሺ ብላለች፤ የቀሩት አባቷ ነበሩ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ እቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ። የሽማግሌዎቹ መሪ አጎቴ ነበር። አጎቴ ወሬ ላሳምር ካለ የማያወጣው ነገር የለም። አባትየው ልጃችሁ ምን ቁም ነገር ሠራ ብለው ሲጠይቁት፣ ያጫወትሁትን አስታውሶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ መርከብ አሰጠመ አላቸው። የጠላት ነው ወይ ቢሉት፣ ኧረ የራሳችን ነው ብሎ አረፈው።

ያን ጊዜ አሻጥር የሚባለው ቃል ሰው ያስበላ ነበር። አባትየው የበላበትን ወጪት ለሚሰብር ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው ሽማግሌዎቹን ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። ንዴቴ ልክ አልነበረውም። አጎቴ ግን ጥፋቱ ጨርሶ አልገባውም፤ ይባስ ብሎ እሱ አኮረፈ።

በማግስቱ ወጉ ገደል ይግባ ብዬ ራሴ ሄድሁ። አባትየው አፋፉ ላይ ያለችውን ማሳቸውን ካብ ሲክቡ አገኘኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም ድንጋይ እያነሳሁ አቀብላቸው ጀመር። ድንጋዩን ሲቀበሉኝ ጆሯቸውንም የሰጡኝ ያህል ቆጥሬ መናገር ጀመርሁ።

መርከቧ አርጅታ ከሥራ የወጣች እንደነበረች፣ ያሰጠምናትም ታዘን እንደሆነ ነገርኋቸው። እዚያ የባሕሩ ወለል ባዶ አሸዋ ነው፤ ዓሣ የሚጠለልበት የለውም። መርከቧ ከወረደች በኋላ ግን ጎኗን ባሕር ውስጥ የሚበቅለው ሁሉ አለበሳት፤ ትንንሾቹ ዓሦች በመስኮቷ ገቡ፣ ትልልቆቹም ተከትለው መጡ። ጠላቂዎቻችን ወርደው አይተዋል። ዓሣ ጠፋ ብለው ያማርሩ የነበሩ አጥማጆችም መረባቸውን ይዘው ወደዚያው ተመለሱ።

«እርስዎ ይህን ካብ ባይክቡ አፈሩ ይሄኔ ቆላ ወርዶ ነበር» አልኋቸው። «መርከቧም ለዓሣው እንደዚሁ ናት።»

እጃቸውን አራግፈው ካቡ ላይ ተቀመጡ። ለቅርጫ በሬ የሚያርዱት እሳቸው ናቸው፤ አገር ያውቃል።

«በሬ ሲታረድ ሐሞቱ ከፈሰሰበት ሥጋው ይመርራል» አሉ። «የመርከቧን ሐሞት ምን አደረጋችሁት?»

ደስ አለኝ። ይህማ የኔው ሥራ! ናፍጣዋን ከሆዷ የቀዳን፣ ጥጋጥጓን በጨርቅ የወለወልን፣ ቀለሟን የፋቅን እኔና ጓደኞቼ ነን። ዘይት ቀርቶባት ቢሆን ኖሮ ዓሣውን ቤት ሳይሆን መቃብር ባስገባነው ነበር። ሁሉንም አንድ ባንድ ነገርኋቸው፤ አንድም ቦታ አልተንተባተብሁም።

ተነሥተው አንዲት ድንጋይ ካቡ ላይ አስተካከሉ። 

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ» አሉኝ በመጨረሻ። «አጎትህ ግን ይቅር። ለዓሣ ቤት የሠራ ሰው ለልጄ መሥራት አያቅተውም።»