የጋሽ ብሩሽ የውሸት ሰሌዳ

ሰፈሩ ውስጥ ሰሌዳ የሌለው ሱቅ ይገኝ ይሆናል፤ ጋሽ ብሩሽ ያልጻፈው ሰሌዳ ግን አይገኝም። ፀጉር ቤቱ፣ ጎማ ጥገናው፣ ፋርማሲው፣ ሁሉም የእጁ ሥራ ናቸው። ፊደሎቹ ወፈር ወፈር ብለው እግራቸው ትንሽ ወደ ግራ ስለሚንጋደድ ከሩቅ ይለያሉ። ሰውየው ደግሞ አንድ ክፉ ዓመል አለበት፦ ውሸት አይጽፍም። "ጥርስ ያለ ሕመም እንነቅላለን ብለህ ጻፍልኝ" ያለውን ጥርስ ነቃይ "መጀመሪያ የእኔን ንቀልና ልየው" ብሎ አባሮታል። "ሁልጊዜ ትኩስ ዳቦ" በልልኝ ካለው ዳቦ ጋጋሪ ጋርም "ጠዋት ጠዋት" የምትል ጨምሮበት ተኳርፈዋል። ሚስቱ "በዚህ ዓመልህ ጦማችንን ማደራችን ነው" ትለዋለች። የሰፈሩ ሰው ግን ሰሌዳው ላይ የጋሽ ብሩሽን እጅ ካየ ምንም ሳይጠይቅ ይገባል።

አንድ ቀን ፊልም ሠሪዎች መጡ። ዳይሬክተሩ ጢሙን ያንጨባረረ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። መንገዱ ጥግ ያለውን ባዶ ሱቅ ተከራየና ጋሽ ብሩሽን አስጠራው።

"ጋሼ፣ የጦርነት ኩባንያ ሰሌዳ ይጻፉልኝ።"

"የምን ኩባንያ?"

"ፊልም ነው፣ ቀልድ ነው። ጦርነት የሚያከራይ ኩባንያ አለ እንበል። ተዋጊዎቹ ደክሟቸው ሊታረቁ ሲሉ ባለቤቱ ይደነግጥና 'ሁለት ሳጥን ጥይት ለገዛ አንድ በነፃ' ብሎ ያውጃል። በመጨረሻ ሰላም ሲወርድ ሰውየው ወለል ላይ እየተንከባለለ ያለቅሳል። ባለአክሲዮኖቹም ሊያስተዛዝኑት ይመጣሉ።"

ጋሽ ብሩሽ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፊልም ከሆነ ውሸትነቱ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ውሸት አይባልም ብሎ ራሱን አሳመነ። ዳይሬክተሩም ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ወስዶ እውነተኛውን አሳየው፤ ወጣቶችን መሣሪያ እያስያዘ ወደ ሰው አገር ጦርነት የሚልክ ድርጅት ነው። ሰሌዳው የታተመ ፕላስቲክ ሆኖ ማታ ማታ ይበራል። "ይህን ያስመስሉልኝ። ለማንም ግን እንዳይናገሩ፤ ታሪኩ ይሰረቅብኛል" አለው። ጋሽ ብሩሽ ቃል ገባ። በሰማያዊ መደብ ላይ በወርቃማ ቀለም "እፎይታ የጥበቃ አገልግሎት፤ ለውጭ አገር ሥራ እንመዘግባለን" ብሎ ጻፈ። ከእውነተኛው ይልቅ አማረ።

ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ጣጣ ነበረበት። አንድ ልጁ ኤሌክትሪክ ተምሮ ከተመረቀ ወዲህ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል፤ ሶፋው የእሱን ቅርጽ ይዟል። ሰሞኑን ደግሞ "ዘበኝነትም ቢሆን፣ ጦርነትም ቢሆን እሄዳለሁ" ማለት ጀምሯል። የጎረቤታቸው ልጅ እንዲሁ ብሎ ሄዶ የተመለሰው ሻንጣው ብቻ ነው። እናትየው ያንን ሻንጣ ካየች ወዲህ ውጭ አገር ሲባል እንባዋ ይቀድማል። ጋሽ ብሩሽም "እኔ ቆሜ እያለሁ አትሄዳትም!" ብሎ ጠረጴዛውን ደልቋል። ልጁ ዝም አለ። ዝምታው ለጋሽ ብሩሽ እሺታ መሰለው።

ሰሌዳው በተሰቀለ ማግስት ጋሽ ብሩሽ የረሳውን የቀለም ጣሳና መሰላሉን ሊወስድ ሲመጣ፣ ከሱቁ በር እስከ ጎማ ጥገናው ድረስ ሰው ተሰልፎ አገኘ። ውጭ አገር የሚልክ ቤት ተከፈተ የሚለው ወሬ ሰፈሩን ሲያዳርስ እሱ ብቻ አልሰማም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁሉም ጫማውን ወልውሎ፣ የትምህርት ማስረጃውን አቅፎ ቆሟል።

"ተዋናዮቹ በዙ እኮ!" አለው ዳይሬክተሩን።

"ተዋናይ አይደሉም፤ ሊመዘገቡ የመጡ ናቸው" አለ ዳይሬክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ይተዉአቸው ጋሼ፣ እየቀረጽኩ ነው። እንዲህ ያለ ሰልፍ ከፍዬም አላገኝም።"

"አልነገርካቸውም?"

"ብነግራቸው ፊታቸው ይበላሽብኛል።"

ወይ ጉድ! በሰው ችግር የሚነግድ ላይ ሊስቅ የመጣ ሰው እኮ ነው። ጋሽ ብሩሽ ሰልፉን በዓይኑ ሲከተል መሐል ላይ አንድ ኮት አየ። እሱ ራሱ የተሞሸረበት ኮት ነው። የለበሰው ልጁ ነው።

ደሙ ፈላ። "አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ልጁ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ቀና ብሎ ሰሌዳውን አሳየው። "አባዬ፣ ያንተ እጅ አይደለም እንዴ? እንዲህ ያሉ መዝጋቢዎች ሌቦች ናቸው ሲባል እሰማ ነበር፣ ፈርቼም ነበር። ይህን ሳይ ግን አባቴ ከጻፈው አያታልሉኝም አልኩ። አንተም ልብህ የራራልኝ መሰለኝ።"

"እኛስ በምን መጣን?" አለ ከኋላው የቆመው። "የጋሽ ብሩሽ ሰሌዳ ነው ብለን አይደል!"

ጋሽ ብሩሽ እዚያው መሬት ብትውጠው በወደደ። መሰላሉን አቁሞ ወጣ። ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረና በወርቃማው ጽሑፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር "ፊልም ነው፤ ውሸት ነው" ብሎ ጻፈበት። ስለቸኮለ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ፊደል ጽፎ አያውቅም። ዳይሬክተሩ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ። መንገድ ላይ ግን ቆም አለና ወደ ካሜራ ያዡ ዞሮ "ምን ታየኛለህ? ቅረጽ!" አለው። ኪሳራን ወደ ትርፍ መለወጥ ከገዛ ፊልሙ ተምሮ መሆን አለበት።

ከሰልፉ ገሚሱ ተሳደበ፣ ገሚሱ ሳቀ። ጥቂቶቹ "ፊልሙስ ይከፍላል?" ብለው ከቦታቸው አልነቃነቅም አሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጋሽ ብሩሽ ሲወርድ ልጁ ከሥር መሰላሉን ይዞለት ቆሟል።

"ታዲያ እውነተኛው የት ነው?" አለ ልጁ ቀስ ብሎ። "አንተ መቼም ከየትም ሳታይ እንዲህ አትጽፍም።"

ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን በጨርቅ ጠረገ። የጠራውንም ደግሞ ጠረገ።

"እሱማ ተዘግቷል" አለ። "'የሚከራይ ቤት' ብዬ የጻፍኩበት እኔው ነኝ።"

ልጁ አየው፣ አየውና "እሺ" አለ። ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለ፣ መሰላሉን ተሸከመና ወደ ቤት ቀደመ። ጋሽ ብሩሽ ከኋላው ሲሄድ አፉን ቀለም የገባበት ያህል መረረው።

ፊልሙ ወጥቶ ሰው ስቆበታል፤ ጋሽ ብሩሽ አላየውም። ልጁ አሁን እየተጠራ መብራት ይጠግናል፤ ያልተጠራ ቀን ሶፋው አለ። እሑድ ማታ ማታ አባትና ልጅ አብረው ይወጣሉ። መናኸሪያው አጠገብ ሲደርሱ ጋሽ ብሩሽ "ጉልበቴን አመመኝ፣ በወዲያ እንዙር" ይላል። በወዲያ ሲዞሩ መንገዱ እጥፍ ይሆናል። ከመናኸሪያው ጀርባ ሰሌዳው ዛሬም ይበራል፤ ብርሃኑ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ለምን ረጅሙን መንገድ እንደሚመርጥ ልጁ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም። ክንዱን ይይዘውና አብሮት ይዞራል።