የእትዬ ፈጠነች ሰማንያ ቀን

ስሟ ፈጠነች ይሁን እንጂ፣ በሶዶ ከተማ ልጅ በመውለድ እንደ እሷ የዘገየ ሰው አልነበረም። ኬላ ጠባቂው ቦጋለ ካገባት አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ስለት የተሳለችበት ታቦት ቢቆጠር ከሶዶ እስከ ቦዲቲ ያለውን ደብር ሁሉ ያዳርሳል። ታዲያ ልጅ አጣች እንጂ የልጅ እውቀት አላጣችም። በሰፈሩ ማንም ትውለድ ማን፣ እትዬ ፈጠነች ነጠላዋን አጣፍታ አራስ ቤት ትገባለች፤ መደቡ ላይ ተደላድላ ትቀመጥና ትመክራለች። የአራሷን ገንፎ እየበላች ነበር የምትመክረው።

እንቅልፍ አጣሁ የምትል አራስ ካጋጠመቻት፣ «ጠብቶ ከመተኛት ሌላ ሥራ የሌለው ፍጡር እንዴት አድርጎ እንቅልፍ ይነሳል?» ብላ ትስቅባታለች። ልጅ ባለቀሰ ቁጥር የምታነሳውን ደግሞ፣ እቅፍ ይለምድና ቤት ያፈርስብሻል፣ አስተኝተሽ ዞር በይ ትላታለች። ከሁሉ የምትኮራበት ግን ሌላ ነበር። «እናት ልጇን ባየች ሰዓት አንጀቷ እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ ምጧንም እዚያው ትረሳዋለች» ትላለች፤ ይህን ስትል ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ከማን እንደሰማችው እሷም አታውቅም።

አንድ ጊዜ ጎረቤቷ የትምወርቅ፣ ገና ልጅ እግር ሳለች፣ በወለደች በሳምንቷ እጇን ያዝ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ምነው ልጄ ባዳ ሆነብኝ? ሳየው ምንም አይለኝ» አለቻት። ፈጠነች ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አፍሽን ያዢ። ድንጋይ ነሽ እንዴ?»

የትምወርቅ አፏን ያዘች፤ ዳግመኛም ያንን ነገር ለማንም አላነሳች። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ፈጠነች በሠላሳ አምስት ዓመቷ ወለደች። እልልታው ሦስት ጊዜ ተሰማ። ደጅ የቆመው ቦጋለ ቆጥሮ ሴት መሆኗን አወቀና፣ በኬላው ላይ ነጋዴ የሚያስጨንቀው ያ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያዋለደቻት አጥር ተጋሪዋ አሳየሽ ናት፤ የኤርሳዶ ሚስት፣ የስድስት ልጆች እናት። የወላይታ ልጅ ናትና አማርኛዋ ሴትና ወንድ ብዙ አይለይም። ሕፃኗን ጠቅልላ፣ «ይኸው እሱ፣ እመይቴ። ደህና ነው» ብላ አቀበለቻት።

ፈጠነች ልጇን አየችና አንጀቷ እስኪቀልጥ ጠበቀች። ምንም አልቀለጠም። ያየችው ቀይ፣ የተጨማደደ፣ ባላጋራ እንዳስቆጣው ሽማግሌ ዳኛ ፊቱን ያጠቆረ ፍጡር ነው። ምጡም ቢሆን አልተረሳም፤ አንድም ሳይጎድል እዚያው ነበር። ነገ ይቀልጥ ይሆናል ብላ ተኛች፤ መተኛት ካሉት።

ሕፃኗ ጽጌሬዳ ተባለች፤ ስሟን ያወጣው አባቷ ነው። ጽጌሬዳ የእናቷን ምክር የሰማች አትመስልም። ጠብታ አትተኛም፤ ስትተኛም አስቀምጠው ዞር ሲሉ ዓይኗን ትገልጣለች። በሦስተኛው ቀን ፈጠነች ገንፎ በአፏ እንደያዘች አንቀላፋች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጠያቂው አልቀረም። አራስ ናትና ከቤት መውጣት የለባትም፤ ትራስጌዋ ቢላዋ ተቀምጦ፣ በሩ ተጋርዶ፣ ሰማንያ ቀን የመጣውን ሁሉ መቀበል ነው። ድሮ የመከረቻቸው ሴቶች በየተራ መጡ፤ አንዷ አጥሚት፣ አንዷ የቡላ ገንፎ ይዛ። ምክሩንም አብረው አመጡላት። «ያው እርስዎ እንዳሉት ነው እትዬ፤ አስተኝተው ዞር ይበሉ።» «ጠብቶ ከመተኛት ሌላ ምን ሥራ አለው ብለውኝ የለ?» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የፈጠነች ቃል ግን አፋፍ ላይ አልቀረም፣ ዞሮ ገንፎ ይዞ መጣባት። የትምወርቅም መጣች። ምንም አልመከረችም፤ ልጅቷን አየች፣ እናቲቱን አየችና ቁርሷን አቅርባላት ሄደች። ፈጠነችን ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት ይኸኛው ነው።

እንቅልፉስ ይሁን። ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው። አሥራ አራት ዓመት ለምና የተሰጣትን ልጅ ሳትወዳት ብትቀር፣ ሰጪው መልሶ የሚወስድባት መሰላት። ለማን ትናገር? ድንጋይ ነሽ የሚለውን መልስ ራሷ ናት ለከተማው ያስተማረችው።

በሃያኛው ቀን ግድም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሳየሽ ስትገባ ልጅቷ አልጋ ላይ ታለቅሳለች፤ እናቲቱ መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። አሳየሽ ሕፃኗን አንስታ በነጠላዋ ጠፍራ አዘለቻትና ቤቱን መጥረግ ጀመረች። ጽጌሬዳ ዝም አለች።

«እቅፍ ትለምድብኛለች» አለች ፈጠነች ለግድግዳው።

«ይልመዳ። ዘጠኝ ወር ሆድ ውስጥ ሌላ ምን ለምዶ ነበር?»

ፈጠነች ዞር ሳትል፣ «አሳየሽ፣ ልጄን አልወደድኳትም» አለች።

መጥረጊያው አልቆመም። «እኔ ስድስት ወልጃለሁ፣ እመይቴ። ትልቁን ገና ሳየው ወደድኩት። አራቱን በወር በሁለት ወር ነው። አንዱ አስቸጋሪ ነበር፤ እሱን ጥርስ ሲያበቅል ነው የወደድኩት።»

«ታዲያ እስከዚያ ምን አደረግሽ?»

«አጠባሁት። አዘልኩት። ሌላ ምን ይደረጋል?»

ፈጠነች አላመነቻትም፤ ለማጽናናት ብላ ነው አለች በልቧ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷን አቅፋ ዋለች፤ አሳየሽ ስትመጣም አሳዝላ ተኛች። መውደዱ ግን አልመጣም። የክርስትናው ቀን እየቀረበ በሄደ ቁጥር፣ በታቦት ፊት ባዶ ልብ ይዛ መቆሟን እያሰበች ፍርሃቷ ባሰ።

በሰማንያኛው ቀን ጠዋት ከዳሞት ተራራ የወረደው ጉም የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሸፍኖት ነበር። ውሃው ከምንጭ የተቀዳ፣ ጥርስ የሚያስፋጭ ነው። ሴቶቹ ሁሉ መጥተዋል። ፈጠነች ድሮ እንደምታዝዘው ከሆነ፣ ክርስትና ላይ ልጅ ሲያለቅስ እናት ንቅንቅ አትልም፤ ያ ለቅሶ በረከት ነው። ቄሱ አንድ ጊዜ አጠመቁ። ጽጌሬዳ ጮኸች። ሁለተኛ አጠመቁ። ለቅሶዋ ተቋርጦ ትንፋሿ እዚያው ቀረ። የክርስትና እናቷ እጇን ሳትዘረጋ፣ ፈጠነች የቄሱን እጅጌ ይዛ ተገኘች። መቼ እንደተራመደች አታውቅም።

«አባ፣ ይብቃት። በርዷታል።»

«ልጄ፣ ሥርዓቱ ሦስት ነው።»

«እንግዲያው ፈጠን ይበሉ።»

ቄሱ ስንት ዓመት ሲያጠምቁ እንዲህ ታዘው አያውቁም፤ ግን ፈጠኑ። ፈጠነች ልጇን ከነእርጥበቷ ነጥቃ ደረቷ ውስጥ ወሸቀቻት። ቀሚሷ በውሃ ይሁን በወተት አይታወቅም፣ ርሶ ነበር። ጽጌሬዳ ትንፋሿን አገኘችና ያንን የዳኛ ፊቷን አጥቁራ አየቻት፤ ፈጠነችም ከዚያ ፊት የሚያምር ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ ያን ጊዜ አወቀች፤ ሰው እያያት ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።

«መጣ» አለች አሳየሽ ቀስ ብላ።

ፈጠነች ቀና ስትል የትምወርቅን አየቻት። «የትም፣ ያን ጊዜ ድንጋይ ነሽ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ይቅር በይኝ። ሳላውቅ ነው የተናገርኩት።»

የትምወርቅ የራሷን ነጠላ አውልቃ ሕፃኗን ደረበችላት።

ፈጠነች ዛሬም አራስ ቤት መሄዱን አልተወችም። አሁን ግን ገንፎውን ይዛ ነው የምትሄደው። በዓመቱ አንዲት የመጀመሪያዋን የወለደች ሴት ጠያቂው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቃ፣ «እትዬ ፈጠነች፣ አይፍረዱብኝ፤ ልጄ ባዳ ሆነብኝ» አለቻት።

ፈጠነች ነጠላዋን ለማዘል አዘጋጀች።

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?»

«አሥራ ሦስት።»

«እኔ ሰማንያ ፈጅቶብኛል» አለቻት። «አምጪውና ተኚ።»